ኮንዶር ላይ የግላይደር ታስክ ስትለማመዱ ሰዓታችሁን የሚበሉ ስህተቶች

ቅዳሜ ማታ በሲሙሌተር ምንወዳደረው ታስክ ላይ አዳዲስ ልጆች እየገቡ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን የሁሉም ጥያቄ ያው አንድ ነው። «እኔ እኮ ከናንተ ፈጥኜ ስበር ነበር፣ እንዴት ነው ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቼ የገባሁት?» ለእያንዳንዱ ሰው በቮይስ ከማስረዳ በቃ እዚህ ልጻፈው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ግላይደር ሞተር የለውም። ጎታች አውሮፕላን ወደ ላይ ወስዶ ይለቀዋል፣ ከዛ በኋላ ያለው ከፍታ ሁሉ ከአየሩ ነው ሚገኘው። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚነሳ አየር አለ፣ ተርማል እንለዋለን፣ እሱ ውስጥ እየዞራችሁ ትወጣላችሁ፣ ከዛ ያገኛችሁትን ከፍታ ወደፊት እየሄዳችሁ ትበሉታላችሁ። ታስክ ማለት ደሞ ስታርት ላይኑን አልፋችሁ፣ ሁለት ሦስት ተርንፖይንት (ካርታው ላይ የተመረጠ መዞሪያ ነጥብ) ዞራችሁ፣ ፊኒሽ ስትገቡ የፈጀባችሁ ጊዜ የሚለካበት ውድድር ነው። እኛ አዲስ አበባ መሀል፣ አራት ኪሎም ካዛንቺስም ቁጭ ብለን ምንበረው ኮንዶር ላይ ነው፣ ስሎቬንያውያን የሰሩት ሲሙሌተር ነው፣ አብሮት የሚመጣውም ካርታ የራሳቸው አገር ነው፣ ለዛ ነው ግማሾቻችን ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለውን መንገድ በደንብ ሳናውቅ ስሎቬንያ ያለውን የሌስሴን አየር ማረፊያ ሜዳ በቃላችን ምናውቀው። ጨዋታ ነው ብላችሁ ግን አትናቁት፣ ሒሳቡ የእውነተኛው ግላይደር ሒሳብ ነው፣ ስህተቱም ያው ነው።

ፍጥነቱን ጉዞው ላይ መፈለግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እንኳን ይሄን አንብቡ። አዲስ ሰው አፍንጫውን ደፋ አርጎ 180 ሲሄድ እየተወዳደረ ይመስለዋል። ቁጥሩን እንየው እስቲ። አንድ ስታንዳርድ ክላስ ግላይደር፣ ማለትም ክንፉ 15 ሜትር የሆነ ፍላፕ (ክንፉ ኋላ ጠርዝ ላይ የሚታጠፍ ክፍል) የሌለው፣ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 0.9 ሜትር ይወርዳል እንበል፣ በ150 ሲሄድ 1.2፣ በ170 ደሞ 1.65። ተርማሉ በሰከንድ 2 ሜትር ያወጣችኋል። ወደ ላይ ለመውጣት የሚጠፋውን ጊዜ ስትደምሩበት አማካይ ፍጥነታችሁ በ130 ስትሄዱ 90 ገደማ ይመጣል፣ በ150 ስትሄዱ 94፣ በ170 ስትሄዱ ደሞ 93። አያችሁ? ከ130 እስከ 170 ስትጨቃጨቁ የነበረው ሁሉ ተደምሮ 4 ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን ፍጥነቱን 150 ላይ ተዉትና ተርማሉን ከ2 ወደ 1 ሜትር አውርዱት። አማካዩ ከ94 ወደ 68 ይወድቃል። 200 ኪሎ ሜትር ታስክ ላይ አንደኛው ሰው 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ሌላው 2 ሰዓት ከ56 ደቂቃ፣ ጉዞ ላይ ሁለቱም እኩል 150 እየሄዱ ማለት ነው። ያ «ከ40 ደቂቃ በላይ» የምትሉት የት እንደገባ አሁን ገባችሁ መሰለኝ። ሰዓቱ የሚበላው መሪውን ስትገፉ ሳይሆን ደካማ ተርማል ውስጥ ስትሽከረከሩ ነው።

ስለዚህ ቫሪዮው (በሰከንድ ስንት ሜትር እየወጣችሁ ወይ እየወረዳችሁ እንደሆነ በመርፌና በድምፅ የሚነግራችሁ መሣሪያ) ጢጥ ባለ ቁጥር የሚዞር ሰው፣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ እስኪደርስ እጁን ላነሳ ሁሉ እንደሚቆም ሚኒባስ ነው፣ አይደርስም። ደመናው ግርጌ ቅርብ ሆናችሁ፣ ቀኑ 2 ሜትር እየሰጠ እንደሆነ እያወቃችሁ፣ 0.8 ውስጥ ለምን ትዞራላችሁ? ቀጥ ብላችሁ እለፉት፣ ስታልፉት ትንሽ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከወጣችሁ በኋላ መልሳችሁ ጨምሩ፣ ይበቃል። ይሄ ሕግ የሚገለበጠው ዝቅ ስትሉ ብቻ ነው። ከመሬት 500 ሜትር ላይ ሆኖ «እኔ ከ2 ሜትር በታች አልዞርም» የሚል ሰው ቲማቲም እርሻ ውስጥ ነው ሚያድረው፣ እዛ ከፍታ ላይ 0.5ም ካገኛችሁ ተመስገን ብላችሁ ዙሩ፣ ከፍ ስትሉ መልሳችሁ መራጭ ትሆናላችሁ።

ይሄን ነገር በሒሳብ አብጠርጥሮ ለአብራሪዎች ያስተማረው ፖል ማክሬዲ የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1956 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ በኋላ ደሞ በ1977 በሰው ፔዳል ብቻ የሚበር አውሮፕላን ሰርቶ ሽልማት የወሰደው ያው እሱ ነው። የግላይደሩ የበረራ ኮምፒውተር ላይ «ማክሬዲ» ብላችሁ የምትሞሉት ቁጥር የሱ ነው፣ ትርጉሙም ቀላል ነው፣ ቀጥሎ አገኘዋለሁ ብላችሁ የምትጠብቁት ተርማል ስንት ሜትር ነው? ከሱ በታች ለሆነ አትቆሙም ማለት ነው።

እዚች ላይ የምትመጣ ሌላ ስህተት አለች። ሰዎች ማክሬዲው ላይ የሚሞሉት ቫሪዮው ለአንድ ሰከንድ ያሳያቸውን ትልቁን ቁጥር ነው። መርፌው 3 ብሎ ይዘላል፣ ግማሹን ዙር ግን 0.5 ነው፣ እሱ ልጅ 3 አገኘሁ ብሎ ያወራል። አቬሬጀሩን እዩ፣ የ20 ሰከንድ ወይም የሙሉ ዙር አማካዩን ማለቴ ነው። ደሞም ተርማሉን ከመግቢያው እስከ መውጫው ብትለኩት ቁጥሩ ከዛም ያንሳል፣ ምክንያቱም መሀሉን ስትፈልጉ ያጠፋችሁት የመጀመሪያው ደቂቃ ይገባበታል። እኔ ሁሌ አቬሬጀሩ ካሳየው ትንሽ ዝቅ አርጌ ነው ምሞላው፣ ጉረኛ ማክሬዲ መሬት ያወርዳል።

ሰፊ ዙር

ሪፕሌያችሁን ስታዩ ዙራችሁ መስቀል አደባባይን የሚያክል ከሆነ ችግሩ እዚህ ነው። ሁሉም ጀማሪ 25 ዲግሪ አካባቢ ነው ሚያዘነብለው፣ ከዛ በላይ ሲሆን ይፈራል፣ ኮምፒውተር ላይ ሆኖ ምን እንደሚፈራ አላውቅም። በ95 ፍጥነት 25 ዲግሪ ብታዘነብሉ የዙራችሁ ራዲየስ 150 ሜትር ገደማ ነው። 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ፣ ፍጥነቱን ወደ 105 ከፍ ብታደርጉት እንኳን ወደ 87 ሜትር ይወርዳል። የተርማሉ ጠንካራ ክፍል መሀሉ ነው፣ ሰፊ ስትዞሩ ጠርዝ ጠርዙን ነው ምትልሱት። ሲያዘነብል ግላይደሩ ራሱ ትንሽ የበለጠ ይወርዳል፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን መሀል በመግባት የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከሱ ይበልጣል።

መሀሉን ለማግኘት የድሮ ሰዎች የሚሉት ዘዴ ይሰራል። መውጫው እየተሻሻለ ሲሄድ ማዘንበሉን ቀለል አርጉ፣ እየደከመ ሲሄድ አጥብቁ። ዙራችሁ ራሱ ወደ ጠንካራው ጎን ይንሸራተታል። አንድ ነገር ብቻ፣ እውነተኛ ግላይደር ላይ ያለ ሰው ወንበሩ ሲገፋውና አንዱ ክንፍ ሲነሳ ይሰማዋል፣ እኛ ያ የለንም፣ ያለን ድምፁ ብቻ ነው፣ ድምፁ ደሞ ከአየሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ድምፁ ከፍ ባለበት ቅጽበት «አሁን እዚህ ነው» ካላችሁ ጥሩው አየር ከኋላችሁ ቀርቷል። ሄድፎን አርጉ፣ ሙዚቃውን አጥፉት፣ ቫሪዮውን ስሙት። በሙዚቃ የሚበር ሰው አውቃለሁ፣ መጨረሻ መውጣቱ አይገርመኝም።

ክሯንም እዩ፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው ክር ወደ ጎን ከሄደች እየተንሸራተታችሁ ነው፣ በየዙሩ ከፍታ በነፃ እየሰጣችሁ ነው ማለት ነው። ራደር ፔዳል (የጭራውን መሪ በእግር የምትገፉበት) የሌላችሁ አውቶማቲኩን አብሩትና እርሱት፣ ሼም የለውም።

ስታርቱን እንደ ሩጫ ተኩስ ማየት

ስታርት ላይኑ ሲከፈት ሁሉም እኩል መነሳት ያለበት የሚመስላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ላይኑ የሚከፈትበት ሰዓት አለ፣ ከዛ በኋላ መቼ እንደምትወጡ የናንተ ምርጫ ነው፣ ሰዓታችሁ መቆጠር የሚጀምረው ላይኑን ስታልፉ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ ከፍታ፣ የስታርት ጣሪያው (ላይኑን ስታልፉ የሚፈቀደው ትልቁ ከፍታ) 1500 ሆኖ እናንተ 1200 ላይ ከወጣችሁ ያቺን 300 ሜትር መንገድ ላይ በ2 ሜትር ተርማል መልሳችሁ ትገዟታላችሁ፣ 150 ሰከንድ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገና ሳትጀምሩ። ጣሪያውን ካለፋችሁ ደሞ ቅጣት አለ። ሁለተኛ ቀኑ፣ ታስኩ ጠዋት ላይ ከተቀመጠ ተርማሉ ገና አልበሰለም፣ ትንሽ የጠበቀ ሰው ጠንካራውን አየር ይዞ ከኋላ መጥቶ ያልፋችኋል። ዝም ብሎ መጠበቅም ግን ድራማ ነው፣ ታስኩ ረጅም ከሆነ ቀኑ ያልቅባችኋል። ለልምምድ የምላችሁ፣ ተርማል ውስጥ አሪፍ ከፍ የሚለውን ሰው ፈልጉና ከሱ አንድ ደቂቃ ኋላ ላይኑን እለፉ፣ ፊት ለፊታችሁ የሚዞር ሰው ካለ የት ተርማል እንዳለ በነፃ ታያላችሁ።

ነፋሱን መርሳት

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ተርማል ውስጥ ስትዞሩ ነፋሱ ይዟችሁ ይሄዳል። ነፋሱ 20 ኪሎ ሜትር ከሆነና 10 ደቂቃ ከዞራችሁ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ተወስዳችኋል። ጥያቄው ወዴት ነው የተወሰዳችሁት ነው። ተርንፖይንቱ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ከሆነ ከመድረሳችሁ በፊት ተርማል ውስጥ ከፍ አትበሉ፣ እየወጣችሁ ወደ ኋላ ነው ሚመልሳችሁ፣ ተርንፖይንቱን ዝቅ ብላችሁ ዙሩትና ከዞራችሁት በኋላ ከፍ በሉ፣ ያኔ ነፋሱ ወደምትሄዱበት ይገፋችኋል። ተርንፖይንቱ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ከሆነ ተቃራኒው ነው፣ ቀድማችሁ ከፍታ ያዙ፣ ከፍ ብላችሁ ዙሩት። በቃ ይሄው ነው፣ ግን ታስኩን ከመጀመራችሁ በፊት ካርታው ላይ የትኛው ተርንፖይንት የትኛው እንደሆነ ካልወሰናችሁ በረራ ላይ ትዝ አይላችሁም።

ስለ ተርንፖይንት ሌላ ትንሽ ነገር፣ የሬሲንግ ታስክ ሲሊንደር (ተርንፖይንቱ ዙሪያ ያለው ክብ) አብዛኛውን ጊዜ 500 ሜትር ራዲየስ ነው፣ ጠርዙን ነክቶ መመለስ ይበቃል፣ መሀሉ ድረስ ሄዳችሁ ማንም አይሸልማችሁም።

ዓይንን ፒዲኤው ላይ ተክሎ መቅረት

ፒዲኤ የምንለው ካርታና ቁጥር የሚያሳየውን የግላይደሩን ትንሽ ስክሪን ነው፣ ሰማዩ ግን ውጪ ነው ያለው። ግርጌው ጠፍጣፋና ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ደመና እየሰራ ነው፣ የተቦጫጨቀና የሚበታተን ደመና ሞቷል፣ እሱ ስር ብትሄዱ የምታገኙት መውረድ ነው። ደመና ሩብ ሰዓት ገደማ ኖሮ ይሞታል፣ ስለዚህ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ አሁን የሚያምረው ደመና እናንተ ስትደርሱ ሬሳ ሊሆን ይችላል፣ ገና እየተወለደ ያለውን ትንሹን ምረጡ።

ይሄን ለመማር ኮምፒውተር አያስፈልግም። በበጋ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ አራት ኪሎ ከፍ ያለ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆናችሁ ወደ እንጦጦ እዩ፣ አንድ ደመና መርጣችሁ እስኪጠፋ ሰዓት ያዙበት። ወይ ደሞ ሜክሲኮ ቆማችሁ ወደ ቄራ በኩል ያሉትን አሞሮች እዩ። አንዱ ክንፉን ሳያራግብ መውጣት ሲጀምር ሌሎቹ ከሩቅ አይተውት ቀጥ ብለው ይመጣሉ፣ ሲደክምባቸው ትተውት ይሄዳሉ፣ ማክሬዲ የሚባል ነገር ሳይሰሙ።

ተራራ ላይ ስትሆኑ ደሞ ደመናውን ብቻ አትከተሉ። ከሌስሴ ስትነሱ ሰሜን በኩል ስቶል የሚባል ተራራ አለ፣ 2236 ሜትር ነው፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ ያገኘዋል። ፀሐይ ያረፈበትና ነፋስ የሚመታው ተዳፋት ይሰራል፣ ከተራራው ጀርባ ነፋስ በሚወርድበት በኩል ግን አየሩ ራሱ ይደፍቃችኋል። ብዙ ሰው ፈርቶ ከተዳፋቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሄዳል፣ እዛ ምንም የለም፣ ጥሩው አየር ገደሉ አጠገብ ነው። ተራራ ላይ መጀመሪያ ስትዞሩ ሁሌ ወደ ሸለቆው ዙሩ እንጂ ወደ ገደሉ አትዙሩ።

ፋይናል ግላይድ ላይ ብሮሸር ማመን

ፋይናል ግላይድ ማለት ከእንግዲህ ተርማል ሳትዞሩ ፊኒሽ ድረስ የምትሄዱት የመጨረሻ ጉዞ ነው። የግላይደሩ ብሮሸር 45 ለ 1 ይላል፣ 1 ሜትር ሲወርድ 45 ሜትር ወደፊት ይሄዳል ማለት ነው። እዚህ አገር እናምጣውና፣ መስቀል አደባባይ ላይ ከመሬት 1000 ሜትር ከፍ ብትሉ በረጋ አየር 45 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ቢሾፍቱን ትንሽ አልፎ ማለት ነው። ቦሌ ያሉት ኮንትሮለሮች ይሄን ሐሳብ የሚወዱት አይመስለኝም ግን ሒሳቡ ይሄ ነው። ችግሩ 45 የሚገኘው በ100 ምናምን ስትሄዱ ነው። በ150 ስትሄዱ ከላይ ባልነው ቁጥር 35 ለ 1 አይሞላም። 30 ኪሎ ሜትር ቀርቷችኋል እንበል። በብሮሸሩ 670 ሜትር ይበቃል፣ በ150 ፍጥነት 865 ትፈልጋላችሁ፣ ከፊት 20 ኪሎ ሜትር ነፋስ ካለ ደሞ 1000 ሜትር። እዚህ ላይ ቢያንስ 200 ሜትር መጠባበቂያ ጨምሩ። ስንት ሰው ነው ፊኒሹ እየታየው 2 ኪሎ ሜትር ሲቀረው እርሻ ውስጥ የተቀመጠው።

ደሞ የሜዳው ከፍታ አለ። አልቲሜትሩ ከባህር ወለል ነው የሚያሳያችሁ፣ ሌስሴ ራሱ 504 ሜትር ላይ ነው። 900 አለኝ ብላችሁ የምትደሰቱት ያላችሁ 400 ነው። አዲስ አበባ፣ 2355 ሜትር ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ይሄን መርሳት አልነበረበትም።

የተቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ግላይደሩን ለማክበድ ውሃ ክንፉ ውስጥ መሙላት በጠንካራ ቀን ይጠቅማል፣ በደካማ ቀን ግን መውጣት ያቅታችኋል፣ ከደፋችሁት አይመለስም፣ ስለዚህ ዝቅ ብላችሁ ሳትጨነቁ በፊት ወስኑ፣ ለማረፍም ድፉት። ተርማል ውስጥ ቀድሞ የገባው ሰው ወደ ግራ እየዞረ ከሆነ እናንተም ወደ ግራ ናችሁ፣ ክርክር የለም፣ ወደ ቀኝ እየዞረ የሚገባ ሰው ሲሙሌተር ላይ የሁለት ሰው ማታ ያበላሻል፣ በእውነቱ ዓለም ሰው ይገድላል። ማረፊያ ፍለጋ ደሞ 300 ሜትር ላይ ሜዳችሁ ተመርጦ ማለቅ አለበት፣ ከዛ በታች ተርማል ፍለጋ የለም።

ከፍታ የሚጨምርላችሁ የ«ተአምር» ቁልፍ ብቻችሁን ስትለማመዱም አትንኩት። ቀኑን ሙሉ ተጠቅማችሁበት ቅዳሜ ማታ ስትመጡ 400 ሜትር ላይ ምን እንደሚደረግ አታውቁም፣ ምክንያቱም እዛ ከፍታ ላይ ቆይታችሁ አታውቁም።

ከበረራ በኋላ ላፕቶፑን ዘግቶ መተኛትም ስህተት ነው። የበረራችሁን ፋይል አይጂሲ (የግላይደር በረራ መዝገብ ፎርማት) አርጋችሁ አውጡና አንደኛ ከወጣው ሰው ፋይል ጋር ጎን ለጎን ክፈቱት። ፍጥነቱን ተዉት፣ አማካይ መውጫው ስንት ነበር፣ ከበረራው ስንት ፐርሰንቱን ሲዞር ነበር፣ ስንት ቦታ ቆመ፣ እነዚህን ሦስቱን ብቻ እዩ። እሱ ስድስት ቦታ ቆሞ እናንተ አስራ አራት ከቆማችሁ ስለ ጆይስቲክ ማውራት አያስፈልግም።

በመጨረሻ የሰዓት ነገር፣ ባካችሁ። ሰርቨሩ ላይ 18:00 ዩቲሲ (የዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተጻፈ እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ 12 ሰዓት አይደለም፣ 6 ሰዓትም አይደለም። ታስኩ ውስጥ የሚያሳየው ሰዓት ደሞ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ 13:00 ሲል ከቀኑ 7 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ተርማሉ ገና እየጠነከረ ነው። እና ላፕቶፓችሁ ባትሪ ቢኖረውም ዋይፋይ ራውተሩ የለውም፣ መብራት ሲጠፋ ከሰርቨሩ የምትወጡት በሱ ነው፣ ወይ ትንሽ ዩፒኤስ አርጉለት ወይ ሆትስፖታችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ።